ሌሊቱን ውሃ ይዞ ያደረው ሱሪ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ፈጣም ዳር

ፈጣም ወንዝን ያላያችሁ ብዙ ናችሁ፤ ምናልባትም አታዩትም። እኔም ከዚህ ጉዞ በፊት ስሙን እንጂ መልኩን አላውቀውም ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ፍኖተ ሰላም ነው፣ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ ከማንኩሳ ያለፍኩትም ለሁለት ለቅሶና ለአንድ ሠርግ ብቻ ነው። ያኔም በመስኮት በኩል የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነበር። በዚህኛው ጉዞ ግን መስኮቱ የእኔ ሆነ፤ ደብተርም ይዣለሁ። ያየሁትን በየቀኑ ከፋፍዬ ላስነብባችሁ።

የጉዞው ምክንያት ሱሪ ነው።

አያ መኳንንት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከቡሬ ወረድ ብሎ ባለ ገጠር፣ ፈጣም ዳር ይኖራሉ። ጉልበታቸው ሲደክም እርሻውን ለእኩል ሰጥተውታል፤ የራሳቸው ሥራ ብለው የያዙት ዓሣ ማጥመድ ብቻ ነው። ዓሣ በደንብ የሚፈለገው በነቢያት ጾም ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ የሚገባው ብርዱ ሲጠና ነው። ማታ መረባቸውን ወንዙ ላይ ዘርግተው ያድራሉ፤ ጎህ ሲቀድ እስከ ወገባቸው ገብተው ያወጡታል። ይህን ሃያ ዓመት ሲያደርጉ ኖረው ዘንድሮ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ለምርመራ እኛ ጋ መጥተው ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሐኪሙ ጉልበታቸውን እያጠፈ እየዘረጋ አየና፣ "አባት፣ ከእንግዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከቆሙ አንድ ቀን ይሄ እግር አልታጠፍም ይልዎታል" አላቸው።

አያ መኳንንት ከሐኪሙ ይልቅ የፈሩት ሚስታቸውን ነው።

"ጥሩዬ ምላለች" አሉ እራት ላይ። "ዘንድሮ አንድ ቀን ረጥቤ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ቤት ከገባሁ መረቡን እሳት ውስጥ ልትከተው ምላለች። እሷ ደግሞ በከንቱ አትምልም።"

"መረቡ ከሌለ ምን ሊሠሩ ነው?" አለቻቸው እናቴ።

"ምን እሠራለሁ? ደጅ ላይ ተቀምጬ ዶሮ እቆጥራለኋ።"

ሆስፒታል ተራ ሲጠብቁ አንድ ሰው በብርድ አገር ዓሣ አጥማጆች ደረት ድረስ የሚደርስ፣ ትከሻ ላይ በማንገቻ የሚያዝ፣ ውስጡ ሙቀት ያለው፣ ውሃም የማያስገባ ሱሪ እንደሚለብሱ ነግሯቸዋል። ቡሬ ገበያም የብርድ አገር ሰልባጅ የምትሸጥ ሴት አለች ብሏቸዋል። ልብሶቹ ላይ የተጻፈው ፈረንጅኛ ስለሆነ አንባቢ አስፈለገ። አያ መኳንንት ዞር ብለው አዩኝ። መምህሮቻችን ስብሰባ ገብተው ትምህርት ለጥቂት ቀን ተዘግቶ ስለነበር ማንም እምቢ ሊል አልቻለም። እኔማ ደስታዬን ለመደበቅ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ፤ በቤታችን ያለ ጥሪ ሳህን የማነሳው በዚህ ዓይነት ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ

አባቴ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ከጠየቀ በኋላ አሰናበተን። እናቴ ዳቦና ቆሎ ቋጠረችልን። ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ስንጠብቅ ፀሐይዋ ወጣች፤ እኔም ሹራቤን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ይህ ስህተት እንደነበር ቡሬ ስንደርስ ነው የገባኝ።

ከፊታችን ሁለት ጆንያ በርበሬ ተጭኗል። ማንኩሳ ሳንደርስ መኪናው አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለለና የአንዱ ጆንያ ስፌት ተተረተረ። መጀመሪያ ያነጠሱት አንድ ቄስ ናቸው። ሁላችንም "ይማርዎ" አልን። ቀጥሎ ከጎናቸው ያለችው ሴት አነጠሰች፤ "ይማርሽ" አልናት። ከዚያ በኋላ የሚያነጥሰውና ይማርህ የሚለው ተደባለቀ። ሾፌሩ በግራ እጁ አፍንጫውን፣ በቀኝ እጁ መሪውን ይዞ፣ "የበርበሬው ባለቤት ማነው?" እያለ ጮኸ። ባለቤቱ በዓይኑ ዕንባ እየወረደ፣ "እኔ ነኝ፣ ጥሩ በርበሬ መሆኑን ግን አያችሁ!" አለ። ማንኩሳ ላይ ወርደን ልብሳችንን አራግፈን፣ ጆንያውም ተሰፍቶ መንገድ ቀጠልን። እኛ ቤት በርበሬ የማውቀው ተፈጭቶ በጣሳ ሲቀመጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር።

ቡሬ እንደ ፍኖተ ሰላም በባጃጅና በጋሪ የተሞላች ከተማ ናት። ጋሪዎቹ ይመሳሰላሉ፣ የፈረሶቹ ንዴትም ይመሳሰላል። አየሩ ግን ለየት ይላል። እኛ ዘንድ ታኅሣሥ ማለት ጠዋት ሹራብ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ መፈለግ ነው። ቡሬ ግን አራት ሰዓት ላይ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ በፀሐይ በኩል ባለው ግድግዳ ይደገፋል። ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።

ሰልባጅ ሻጯን ለማግኘት አልተቸገርንም። ስሟ ስመኝ ይባላል፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ድምፅዋ ከገበያው ዳር የሚሰማ ሴት ናት። ከፊቷ ሸራ ላይ የተከመረው ልብስ ሁሉ ወፍራም ነው፤ እንደ ፍራሽ የተነፋ ጃኬት፣ ክንድ የሚያህል ጓንት፣ ለምን እንደሚያገለግል ያልታወቀ ብዙ ነገር።

"እቴ፣ ዓሣ አጥማጅ የሚለብሰው ባለማንገቻ ሱሪ አለሽ?" አልኳት።

"ለማን?"

"ለእሳቸው።"

አያ መኳንንትን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። "አባባ፣ የፈረንጅ ሆድ አለዎት?"

"ሆድስ አለኝ፤ የሚሞላው ነው የጠፋው" አሉ።

ሳቀችና ክምሩን እስከ ክርኗ ገብታ መፈተሽ ጀመረች። ሦስት አወጣች። የመጀመሪያው ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ እንደ በግ ለምድ ይሞቃል። አያ መኳንንት ጨርቁን አፋቸው ላይ አድርገው ነፉበት፤ ትንፋሻቸው በሌላው በኩል እጄ ላይ ደረሰ። "ትንፋሽ ያሳለፈ ውሃ ያሳልፋል" ብለው መለሱት። ሁለተኛው ቢጫ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ጎማ ነው፤ ውሃ ለማስገባት ሐሳብ እንኳ የለውም፤ ግን ውስጡ እጄን ስከት እንደ ጀሪካን ይበርዳል። ሦስተኛው ጥቁር ነው። ውጪው የሚንሸራተት፣ ውስጡ በጥጥ የተሞላ፣ ጉልበቱ ላይ ሌላ ወፍራም ቁራጭ የተደረበበት። አያ መኳንንት ያችን የጉልበት ቁራጭ በአውራ ጣታቸው ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልብስ አላዩም።

የእኔ ተራ ደረሰ። ገልብጬ የስፌቱን መስመር አየሁ፤ እያንዳንዱ ስፌት ላይ ከውስጥ ቀጭን ላስቲክ ተለጥፏል። ወገቡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩና ተረጎምኩ፦ ሙቀት ይይዛል፣ ውሃ አያስገባም፣ ለብርድ ጊዜ ዓሣ አጥማጅ የተሠራ ነው። ሰው ተሰበሰበ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነገር ነበር፤ ግማሹ ታጥቦ ጠፍቷል፤ ሰውም እያየኝ ስለነበር ዘለልኩት። ከጽሑፉ አጠገብ አንድ ሥዕል አለ። ይህን ሱሪ የለበሰ ሰው በነጭ ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ትንሽ ጉድጓድ አለ፤ በእጁ አጭር ዘንግ ይዟል።

"ነጩ ምንድነው?" አሉ አያ መኳንንት።

"አውድማ ላይ ያለ ጤፍ ነው" አለ አንድ ተመልካች።

"በረዶ ነው" አልኩ። "ውሃው ከላይ ይጠጥርና ሰው ይቆምበታል። ከሥሩ ዓሣ አለ።"

አያ መኳንንት ሥዕሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ። "ትምህርት ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ፤ እንዳላመኑኝ ግን ገባኝ።

ለመግዛት አንድ ፈተና ቀርቶ ነበር። የሱሪውን እግሮች ከታች በገመድ አስረው ውሃ እንዲሞላበት ጠየቁ። ስመኝ ሁለት ጀሪካን ውሃ አስመጣች፤ ሞላነው፤ ማንገቻዎቹን ከዳሱ አግዳሚ ላይ ሰቀልናቸው። ሱሪው ተነፍቶ እንደ ሀብታም ሰው ቆመ። ጠብታ አልወረደም።

"እስከ ነገ ጠዋት ካልፈሰሰ እወስደዋለሁ" አሉ አያ መኳንንት።

"እስከ ነገ? አባባ፣ ሱሪ ነው እኮ! ጠላ መሰለዎት የሚያድረው?"

"የኔ ልጅ፣ መረብም ሌሊቱን አድሮ ነው የሚታየው። ውሃ የማያስወጣ ነገር ውሃ አያስገባም። ይህን ካየሁ ይበቃኛል።"

የተሰበሰበው ሰው በዚህ ንግግር ተስማማ። አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ፤ የሚያሳፍር ነው፣ ግን ነቀነቅኩ።

ስመኝ ሱሪውን ገበያ ውስጥ ጥላ መሄድ ስለማትችል ውሃው ተደፍቶ ቤቷ በረንዳ ላይ እንደገና ተሞላ። "እናንተም የእግዜር እንግዳ ናችሁ፣ ከሱሪው ጋር ኑ" አለችን። እንዲህ ሆኖ ሱሪው ስላደረ እኛም አደርን። እራት ስልጆና የድንች ወጥ ነበር። እኛ ቤት በጾም ሽሮ፣ ከሽሮ በኋላ ሽሮ ነው፤ የስልጆው ሰናፍጭ አፍንጫዬን ቢመታኝም ሦስት ጊዜ አስጨምሬያለሁ። አልጋዋን ለአያ መኳንንት ለቀቀች፤ እኔን ከልጆቿ መካከል ፍራሽ ላይ አስተኛችኝ። "ለማያውቁት ሰው አልጋ ይለቀቃል?" ብላት፣ "የሚያውቁት ሰውማ መሬትም ይተኛል፣ አያማም" አለችኝ።

እሁድ

የነቃነው በጩኸት ነው። ጎረቤቷ እሳት ልትጭር መጥታ በረንዳው ላይ አንድ ደንዳና፣ ራስ የሌለው ሰው ቆሞ አገኘች። የያዘችው ገል ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ስመኝ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አያ መኳንንት ግን ማንንም ሳያዩ ጎንበስ ብለው ከሱሪው ሥር ያለውን መሬት ዳሰሱ። ደረቅ ነው። እጃቸውን አንስተው አሳዩን፤ አዋራ እንጂ እርጥበት የለውም።

ሱሪውን ገዝተው ቅዳሴ ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ ስመኝ መንገድ ላይ የምንበላው የተቀቀለ ድንች አስያዘችን። ባጃጅ መንገዱ እስኪያልቅ ወሰደን፤ ቀሪው ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ይህን ያህል ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። እኛ ከተማ ሩቅ የሚባለው ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ያለው ነው፤ ለእሱም ባጃጅ እንጠራለን። የበቆሎው አዝመራ ተሰብስቦ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል።

አያ መኳንንት ሱሪውን መሸከም ከበዳቸውና ለበሱት። ግማሽ መንገድ ላይ ፊታቸው በላብ ተጠመቀ። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው፣ "ሙቀቱንስ አልዋሹም" አሉ። የሚያገኙን ገበሬዎች ሁሉ ሰላምታውን አጭር አድርገው ስለ ሱሪው ይጠይቃሉ። አንዱ፣ "አያ መኳንንት፣ ወታደር ሆኑ እንዴ?" አላቸው። "ለዓሣ ነው የዘመትኩት" አሉት።

እትዬ ጥሩዬ፣ ሚስታቸው፣ ደጅ ላይ ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። እኔን አቅፈው ስመው ስመው ሲያበቁ ወደ ባላቸው ዞሩ።

"አንቱ፣ ምንድነው የለበሱት? ፍራሽ ነው?"

"ውሃ የማያስገባ ነው። ሌሊቱን ውሃ ሞልቶት አድሮ አንዲት ጠብታ አልጣለም።"

እትዬ ጥሩዬ ጨርቁን ቆነጠጡት። "ደርቀው ከመጡ መረቡ የእርስዎ ነው" አሉ። "ረጥበው ከመጡ የእኔ ነው። ልጅቷ ምስክር ትሁን።"

ምስክርነቱን ተቀበልኩ። ያን ጊዜ ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ

ሲነጋጋ ወረድን። ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ቁርጭምጭሚቴን አቃጠለኝ፤ ብርድ እንደሚያቃጥል ያወቅኩት ያኔ ነው። ወንዙ ላይ ጭስ የመሰለ ጉም ተኝቷል። በዚህ ቦታ ዓሣ የሚጠመደው እንዲህ ነው፦ ወንዶች ወንዙ ውስጥ ቆመው በመረብ ያጠምዳሉ። መንጠቆ ይዞ ዳር ላይ መቀመጥ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ጢም ያበቀለ ሰው መንጠቆ ይዞ አይታይም። ይህን የነገሩኝ እትዬ ጥሩዬ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ዓሣ ማለት ተጠብሶ በሳህን የሚመጣ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ነገር ጠይቄ አላውቅም።

የሱሪው እግሮች ከታች ክፍት ናቸው። አያ መኳንንት ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ከመኪና ጎማ ውስጥ የተቆረጠ ላስቲክ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥምጥም አድርገው አጥብቀው አሰሩ። ማንገቻውን አሳጠሩ። አማተቡና ገቡ።

እስከ ጉልበት ሲደርሱ ዞር ብለው፣ "ደረቅ ነው!" አሉ። ፊታቸው የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። እስከ ጭናቸው ሲደርሱ፣ "ጥሩዬ፣ እንደ ቤት ነው፣ እንደ ምድጃ ዳር!" አሉ። እትዬ ጥሩዬ የመረቡን ገመድ ጫፍ ይዘዋል። እስከ ወገባቸው ሲደርሱ ምንም አላሉም፤ ምክንያቱም እግሮቻቸው መሬት መርገጥ ትተው ነበር።

ሱሪው ውስጥ አየር ታስሮ ቀርቷል። ውሃ የማያስወጣው አየርም አያስወጣም። መረቡን ለመዘርጋት ጎንበስ ሲሉ እግሮቻቸው እንደ ሁለት ፊኛ ወደ ላይ ወጡ፤ ራሳቸው ወደ ታች ሄደ። ለአፍታ ከአያ መኳንንት የሚታየው ጫማቸው ብቻ ነበር። ወዲያው ደግሞ በደረታቸው በኩል ውሃው ገባና ሱሪው መሙላት ጀመረ።

እትዬ ጥሩዬ አልጮሁም። "ገመዱን ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ። አያ መኳንንት መረቡን አልለቀቁም ነበርና እኛም መረቡን እሳቸውንም አንድ ላይ ጎተትን። መዳፌ ላይ ያለው ቁስል እስከ አሁን አልደረቀም። ዳር ሲደርሱ መነሣት አልቻሉም፤ ትናንት ጠብታ ያልጣለው ሱሪ ዛሬም አልጣለም። እግራቸው እንደ ሁለት እንስራ ሞልቶ ተጋደሙ። እትዬ ጥሩዬ ላስቲኩን በቢላ ቆረጡት። ውሃው ሲፈስ አንዲት ጣት የምታህል ዓሣ አብራ ወጥታ ሣሩ ላይ ተንፈራፈረች። የዕለቱ አዝመራ እሷ ነበረች። እትዬ ጥሩዬ አንስተው ወንዙ ውስጥ መለሷት።

አያ መኳንንት ይንቀጠቀጡ ነበር። ጥርሳቸው ሲጋጭ ይሰማል። ወደ ቤት በሁለት በኩል ደግፈን ወሰድናቸው። እሳት አጠገብ በሁለት ጋቢ ጠቅልለው ካስቀመጧቸው በኋላ እትዬ ጥሩዬ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምስክሯ፣ ደርቀው ነው የመጡት?"

"አይ" አልኩ።

መረቡን አጥፈው ክንዳቸው ሥር አደረጉት። እሳት ውስጥ ግን አልከተቱትም። ወደ ጓዳ አስገብተው፣ "እስኪደርቅ ነው" አሉ። እርጥብ መረብ አይነድም፤ እንደ እኔ ግምት ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አልነበረም። ባላቸው ወደ እሳቱ እንጂ ወደ ሌላ አያዩም ነበር።

ሱሪውን ገልብጬ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ጽሑፉን ለሁለተኛ ጊዜ አገኘሁት። የዘለልኩትን ደቃቅ ፊደል አሁን ተረጋግቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ውሃ ውስጥ ለመግባት የተሠራ አይደለም ይላል። ገብቼ ነገርኳቸው፤ አለመናገር ይቀል ነበር።

"ሰው እያየኝ ስለነበር ዘለልኩት" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ሱሪውን ስንሞላው ከውስጥ ነው የሞላነው" አሉ አያ መኳንንት። "እኔም ሽማግሌ ሆኜ አላሰብኩትም። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው።"

"አያ" አልኳቸው፣ "በሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ግን ዓሣ ያጠምዳል። ተቀምጦ ነው የሚያጠምደው።"

"ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድ ሕፃን ነው።"

እትዬ ጥሩዬ ከጓዳ፣ "ሕፃንስ ደርቆ ይገባል" አሉ።

የዚያን ቀን ከዚህ በኋላ ስለ ዓሣ ያነሣ የለም። ምሳችን የአደንጓሬ ንፍሮ ነበር። አያ መኳንንት እፍኝ በሉና ደጅ ወጥተው ተቀመጡ። ዶሮዎቹ በፊታቸው ያልፋሉ። አንዷ፣ ሁለቷ፣ ሦስቷ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና ፊቴን አዞርኩ።

ማክሰኞ

ስነቃ አያ መኳንንትም የሉም፣ ሱሪውም የለም። እትዬ ጥሩዬ ድንች እየጠበሱ ነው። "የጎረቤት ልጆችን መንጠቆ ተውሰው ወረዱ" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ድንቹን ይዘን ስንደርስ ወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁሩ ሱሪ እስከ ደረታቸው ደርሶ፣ ጉም አጠገባቸው እየተንሳፈፈ፣ ዘንጉ በእጃቸው። ጤዛው ሱሪው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ አይገባም። መሻገሪያው ላይ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ቆመው ያዩዋቸዋል።

"አያ መኳንንት!" አለ አንዱ፣ በርበሬ የጫነ አህያ የሚነዳ። "ልጅነት መጣ እንዴ?"

"መጣ" አሉ ሳይዞሩ።

"እናትዎ ከዚህ ብቻዎን እንዴት ለቀቁዎት?"

"እናቴን ሳላስፈቅድ ነው የመጣሁ። እንዳትነግርብኝ።"

ሰዎቹ ሳቁ። አንዲት ሴት ብቻ ሳትስቅ ቀረች፤ ወደ እትዬ ጥሩዬ ጠጋ ብላ፣ "ይሄ ነገር ለሴት ይሆናል? የእኔም ወገብ በብርድ አለቀ እኮ" አለች። ስመኝን እንዴት እንደምታገኝ ነገርኳት። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ድረስ እንድታስነብብም አደራ አልኳት።

ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ስትወጣ ዘንጉ ጎበጠ። አያ መኳንንት ሳይነሡ ጎተቱ፤ ክንዴን የሚያህል አምባዛ ሣሩ ላይ ወጣ። እንደ ልጅ ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮሁም። ዓሣውን ቅጠል ላይ አስቀምጠው መንጠቆውን መልሰው ጣሉ።

እትዬ ጥሩዬ ጎናቸው ተንበርክከው እጃቸውን በሱሪው አንገት በኩል እስከ ጉልበታቸው ድረስ ሰደዱ። ሐኪሙ እንኳ እንዲህ አልዳሰሳቸውም። እዚያው ትንሽ ቆዩ።

"ደረቅ ነው" አሉ። "ይሞቃልም።"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው ፊትዎ የጠቆረው? ዓሣው ይኸው። ጉልበቱም ይኸው።"

አያ መኳንንት ወንዙን አዩ። "ሃያ ዓመት ገብቼበታለሁ" አሉ። "አሁን ደርቄ ስቀመጥ የሰው ቤት ደጅ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።"

እትዬ ጥሩዬ ድንቹን ልጠው ሰጧቸው። በሉ። አንድ ሌላ ትንሽ ዓሣ ያዙ። ፀሐይዋ ጠነከረች፤ ጉሙም ተነሣ፤ መሻገሪያው ላይ ያለው ሰው አለቀ። እኔ ከሰዓት በኋላ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ቤቴ እንደምሄድ አሰብኩና ደብተሬን አወጣሁ።

ያኔ አያ መኳንንት ግራና ቀኝ አዩ። ዝግ ብለው የግራ ጫማቸውን አወለቁ። የሱሪውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ጠቀለሉ። ከዚያም ባዶ እግራቸውን፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ፣ ፈጣም ውስጥ ነከሩ።

እትዬ ጥሩዬ አዩ። እኔ ያየሁትን ያህል አዩ።

"ምስክሯ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ያን አምባዛ አንሺና ወደ ቤት እንሂድ።" ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ከፊቴ ቀደሙ።